የሳጥኑ ብርና የጡረታው ብር

ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያሉት አክስታችን ቡና ጠርተውን ነበር። ቡናው ግን ሰበብ ነው። በረካው ሳይደርስ አንድ ወፍራም ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉልን። «እስቲ አንብቡልኝ፤ ሰውየው ስልክ እየደወለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል።» እኛ እዚህ አገር ያደግን ልጆች የቤተሰቡ አስተርጓሚ፣ ጠበቃና ሒሳብ ሹም ነን። የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው ብንል ማን ሊሰማን!

ሻጩ «የጡረታ ገንዘብዎን በሙሉ ወደ ብር ይለውጡት» ይላል። ብር ሲል ኖቱን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። «ቤትዎ፣ በራስዎ ካዝና ማስቀመጥ ይችላሉ» ብሎም ጨምሯል። እትዬን የማረካቸው ይኼኛው ነው። የእናታቸው ማርትሬዛ እስከ ዛሬ ሳጥናቸው ውስጥ አለች። መንግሥት ተቀየረ፣ ባንክ ተወረሰ፣ እሷ ግን አለች። ታዲያ ቢያምኑ ይፈረድባቸዋል?

እኛም ብር መያዝ እብደት ነው አንልም። የምንለው፣ ሰው ሁሉ «የቱን ሳንቲም ልግዛ?» ብሎ ይጀምራል፤ መቅደም ያለበት ግን «ማን ይይዝልኛል?» የሚለው ነው።

አይ አር ኤ በሚባለው የግል የጡረታ ሒሳብ ውስጥ የሚገባ ብር ንጽሕናው ቢያንስ 99.9 ከመቶ መሆን አለበት። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሚያወጣው ባለ አንድ አውንስ (31.1 ግራም) «ኢግል» ሳንቲም ይፈቀዳል። 1780 የሚል ዓመት ይዛ አያቶቻችንን ያኮራችው ማርትሬዛ ግን 83.3 ከመቶ ብቻ ስለሆነች ፈተናውን ትወድቃለች።

ዋናው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ብሩ በባንክ ወይም በተፈቀደለት ባለአደራ እጅ መቀመጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት፣ በጡረታ ሒሳቧ የተገዙ የኢግል ሳንቲሞችን ቤቷ ያስቀመጠች ሴት ገንዘቡን እንዳወጣች ይቆጠራል ብሎ ፈርዷል። ታክሱም ቅጣቱም መጣባት። ከ59 ዓመት ተኩል በታች ያለ ሰው ደግሞ ያለ ጊዜው ካወጣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ከመቶ ተጨማሪ ይከፍላል።

ስለዚህ ምርጫው መጋዘን ላይ ነው። አንዱ መንገድ የእርስዎ ብር ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ መቀመጡ ነው፤ ሲያወጡ የሚሰጥዎት ያው ዓይነትና ያው መጠን እንጂ ያቺው ሳንቲም አይደለችም። ሌላው ለብቻው ተለይቶ በስምዎ ይቀመጣል፤ ይኼኛው ዋጋው ከፍ ይላል። ብር ደግሞ በተመሳሳይ ዋጋ ከወርቅ በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ቦታ ይፈጃል፤ ኪራይ ያስከፍላል። የባለአደራው ዓመታዊ ክፍያና የሻጩ ትርፍም አለ። ብር ራሱ ግን ወለድ አይወልድም። እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ2011 አንዱ አውንስ ወደ 50 ዶላር ተጠግቶ፣ በ2020 ማርች ከ12 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። በ2025 ከ50 አለፈ። ይኼን ሁሉ ዓመት መጠበቅ ለወጣት ይቻል ይሆናል፤ ጡረታ ደጃፉ ለቆመ ሰው ግን ከባድ ነው።

የኛ ፍርድ አጭር ነው። ማርትሬዛዋ ሳጥኗ ውስጥ ትቆይ፤ እሷ ቅርስ ናት። ጡረታው ውስጥ ብር ይግባ ከተባለ ጥቂቱ ብቻ ይግባ፤ ተለይቶ በሚቀመጥበት መጋዘን ይሁን፤ ከመፈረም በፊትም ክፍያው ሁሉ በጽሑፍ ይምጣ። «ቤትዎ ያስቀምጡት» የሚል ሻጭ ስልኩ ይዘጋበት።

እትዬ ግን ከኛ ይልቅ ጨዋ ናቸው። ሲደውል «የኔ ልጅ፣ ባለአደራው ማነው?» ብለው ጠየቁት። «መልሼ እደውላለሁ» አላቸው። ይኸው ሦስት ሳምንቱ።

የእናንተስ እናትና አክስት እንዲህ ያለ ፖስታ አልደረሳቸውም? ቡና ሳይጠሯችሁ ሄዳችሁ ክፈቱላቸው።