የዲጂታል የታካሚ መረጃ ቅጽ በስኳር ተመላላሽ ሕክምና፦ የማኅበራችን የአቋም መግለጫ

በስኳር ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና ፋርማሲስቶችን እንዲሁም ታካሚዎችን ያቀፈው ማኅበራችን፣ ታካሚው ሐኪም ዘንድ ከመግባቱ በፊት በስልክ ወይም በታብሌት የሚሞላውን የመረጃ ቅጽ ይደግፋል። ድጋፋችን ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው። ቅጹ ለሚጠይቀው ለእያንዳንዱ ነገር፣ መልሱን በዚያው ቀን አይቶ እርምጃ የሚወስድ ባለሙያ ሊኖር ይገባል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ያልተመደበለት ጥያቄ ከቅጹ ይውጣ እንላለን።

የክትትል ቀን ምን እንደሚመስል አባሎቻችን ያውቁታል። ታካሚው ከገጠር ሌሊት ተነሥቶ ይመጣል፤ ካርድ ክፍል ይሰለፋል፤ ስኳሩን ይለካል፤ ከዚያም ረጅም ጊዜ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሐኪሙ ጋ ሲደርስ የሚያገኘው ጥቂት ደቂቃ ነው። የዕለቱ ቁጥር ይታያል፣ መድኃኒቱ ይደገማል፣ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ሌሊት ላብ አጥምቆት፣ ልቡ እየመታ ነቅቶ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊኑን የት እንደሚያኖረው፣ ገንዘብ ሲያጥረው መጠኑን ቀንሶ ይወጋ እንደሆነ፣ ውስጥ እግሩ ላይ ቁስል ይኑር አይኑር ሳይነሣ ይቀራል። የጠዋቱ ልኬት የሚናገረው ስለዚያ ጠዋት ብቻ ነው። የሁለትና የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ ደግሞ በሁሉም ጤና ተቋም አይገኝም። ስለዚህ ወረፋ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ለጥያቄ ቢውል የሚገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም።

ጥቅሙ የሚገኘው ግን መልሱ ከተነበበ ነው። ሦስት ቀን ኢንሱሊን አቋርጦ የሚያስታውክ ሰው ይህን በታብሌቱ ላይ ሞልቶ ተራውን እንዲጠብቅ ከተደረገ፣ ቅጹ ጎዳው እንጂ አልጠቀመውም። ተናገርኩ ብሎ ዝም ይላልና። የሚከተሉት መልሶች ወዲያው ለነርስ የሚደርስ ምልክት እንዲያስነሡ፣ ታካሚውም ከወረፋው እንዲወጣ እንጠይቃለን፦ ትውከት ወይም የሆድ ሕመም ከከፍተኛ ስኳር ጋር፣ የእግር ቁስል፣ በቅርቡ ራስን መሳት፣ ከ54 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች የወረደ ስኳር፣ እርግዝና። በሕይወት የመቆየት ፍላጎት ማጣትን የሚመለከት ጥያቄም በቅጹ ሊኖር የሚችለው፣ መልሱን ተቀብሎ በዚያው ቀን ታካሚውን የሚያነጋግር ሰው ካለ ብቻ ነው።

የስኳር መለኪያ መሣሪያዎችን በተመለከተ አንዲት ትንሽ ነገር እናንሣ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ስኳሩ ከ600 በላይ ሲሆን ቁጥር አያሳዩም፤ «ሃይ» ብለው ብቻ ይጽፋሉ። ቁጥር ካልሆነ አልቀበልም የሚል ሳጥን እጅግ አሳሳቢውን ውጤት ባዶ አድርጎ ያልፈዋል።

አጥብቀን የምንይዘው የዘመንና የሰዓት ጉዳይ ነው። ከውጭ መጥተው ቋንቋቸው ብቻ የተቀየረ ቅጾች ቀን የሚያስሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ እ.ኤ.አ. 2009 ብሎ የመዘገበ ቅጽ በዕድሜው ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምርበታል። የሕፃናት ክትትል ውስጥ መሆን የሚገባው ልጅ ለአቅመ አዳም እንደደረሰ ወጣት ይቆጠራል። የአዋቂዎች የኩላሊት የማጣራት አቅም ስሌትም ዕድሜን ስለሚጠቀም፣ የዘመኑ ስሕተት ኩላሊቱን ከእውነቱ ይልቅ የደከመ አድርጎ ያሳያል፤ ሜትፎርሚን ይሰጥ ወይስ ይቁም የሚለውም ውሳኔ አብሮ ይዛባል። ሕመሙ የታወቀበት ዓመት ሲሳሳት የዓይን ምርመራው ቀጠሮ ይሳሳታል፤ ለአንደኛው ዓይነት ስኳር ዓመታዊ የዓይን ምርመራ የሚጀመረው ከ5 ዓመት በኋላ ነውና። ጳጉሜን የማያውቅ ቅጽ በጳጉሜ የተወለደን ሰው ምን ሊያደርገው ነው?

የሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። አንዲት እናት ኢንሱሊኗን «ማታ 2 ሰዓት» እንደምትወጋ ሞላች እንበል። ቅጹ ይህን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ 2:00 አድርጎ ቢይዘው፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ኤንፒኤች ኢንሱሊን ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ ይበረታል። በእውነቱ ማታ 2 ላይ የወጋችው ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት 12 ይበረታባታል፤ ላብ የሚያጠምቃትም በዚያን ጊዜ ነው። በተሳሳተው መዝገብ ግን ጉልበቱ የሚበረታው ከንጋት 12 እስከ ቀኑ 6 ይሆናል። ሐኪሙ የሌሊቱን የስኳር መውረድ ምክንያት ከመዝገቡ ቢፈልግ አያገኘውም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ቅጹ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ፣ በአገሬው ሰዓት ይመዝግብ፣ ለሐኪሙም በዚያው ያሳይ።

ጾምን ያላነሣ የስኳር ቅጽ ለአገራችን አልተሠራም። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያም በላይ ምግብ ሳይቀምሱ የሚቆዩ፣ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ የሚጾሙ ታካሚዎች አሉን። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ወስዶ እንደ ዘወትሩ የሚጾም ሰው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ብዙዎቹ ግን እንዳንከለክላቸው ፈርተው አይነግሩንም። ቅጹ «ይጾማሉ?» ብሎ እንደ መርማሪ ከሚጠይቅ፣ የትኞቹን ጾሞች እንደሚጾሙና የመጀመሪያውን ምግብ በስንት ሰዓት እንደሚቀምሱ ቢጠይቅ እውነቱን ያገኛል። ጸበልም እንዲሁ ነው። ጸበል መጠመቅ ሌላ፣ ጸበል ቦታ ኢንሱሊን ማቋረጥ ሌላ፤ የሚያሰጋን ሁለተኛው ነው፣ ጥያቄውም እሱን ብቻ ይጠይቅ።

ቅጹን ማን ይሞላዋል? ስኳር ዓይንን የሚጎዳ ሕመም ሆኖ ሳለ ጥቃቅን ፊደል ያለበት ስክሪን ለታካሚው መስጠት ያስተዛዝባል። ፊደል ያልቆጠሩ ታካሚዎችም ብዙ ናቸው። ጥያቄዎቹ በታካሚው ቋንቋ በድምፅ ሊሰሙ ይገባል፤ ይህ ካልተቻለ የሠለጠነ ሠራተኛ ያንብብላቸው። አሁን እየሆነ ያለው ግን ልጅ ለአባቱ መሙላት ነው። ስለ ወንድነት መድከም ወይም ስለ ጭንቀት የቀረበን ጥያቄ የትኛው አባት በልጁ እጅ ይመልሳል? እነዚህ ጥያቄዎች ታካሚው ብቻውን ከባለሙያ ጋር ለሚሆንበት ጊዜ ይቆዩ።

ስምን በተመለከተ፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ለየብቻ ይመዝገቡ። በአንድ ተቋም ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ስለሆኑ የካርድ ቁጥር ሳይመሳከር ቅጹ ከማንም ፋይል ጋር አይያያዝ። የፋይዳ ቁጥር ያለው ቢያስገባ መልካም ነው፤ የሌለው ግን በዚህ ምክንያት ሕክምና አይከልከል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ተቋማት የታካሚን መረጃ እንደፈለጉ ማዘዋወር አይችሉም። የተሞላን ቅጽ ፎቶ አንሥቶ በሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ መላክ፣ ለሥራ ቅልጥፍና ነው ቢባልም፣ ማኅበራችን ይቃወመዋል። ለመድኃኒት ሻጭ አሳልፎ መስጠትማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

ለጤና ሚኒስቴርና ለክልል ጤና ቢሮዎች የምናቀርበው ጥያቄ፣ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርና የአገሬው ሰዓት የማንኛውም የጤና ሶፍትዌር ግዥ የቴክኒክ መስፈርት እንዲሆኑ ነው። ለተቋማት ኃላፊዎች ደግሞ፣ ቅጹ ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ተመሳሳይ ጥያቄ ያለው የወረቀት ቅጽ በካርድ ክፍሉ እንዲቀመጥ እናሳስባለን። ቅጹን መሙላት ያልፈለገ ታካሚ ወረፋው ሳይዛወር፣ ምክንያቱም ሳይጠየቅ ይታከም። ቅጹ ሥራ ላይ በሚውልበት በየትኛውም ክፍል፣ የዕለቱን መልሶች የሚያነብ ነርስ ስም ጠዋት በሰሌዳው ላይ ይለጠፍ፤ ስም ያልተለጠፈበት ቀን ታብሌቶቹ አይታደሉ።