ውድ ቸርኬ ከመግዛት በፊት

ሀዋሳ ብስክሌት የምትወድ ከተማ ናት። መሬቷ ሜዳ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም በፔዳል ይመላለስባታል። ሐይቅ በደጇ አለ። ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ባንድ ውድድር ለሚያጣምረው ትራያትሎን ከዚህ የተመቸ ከተማ በአገሪቱ መፈለግ ይከብዳል። ስፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ሲገባ የተቀመጠለት ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው።

ይህን ስፖርት የጀመረ ወጣት ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ቸርኬ ልቀይር ወይ? በስልኩ የሚያያቸው የውጭ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ጠርዙ ሰፊ፣ ጥቁር የካርቦን ቸርኬ ላይ ናቸው። የእሱ ግን ከብስክሌቱ ጋር የመጣው ተራ አሉሚኒየም ነው። ስለዚህ የሚያንሰው ቸርኬ ይመስለዋል። ቤተሰብ ይለመናል፣ ዕቁብ ይጠበቃል፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይደወልለታል።

ዋጋው ቀልድ አይደለም። ደህና የሚባል የካርቦን ቸርኬ ጥንድ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ተመን አንድ ሺህ ዶላር 57 ሺህ ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ሺህ ብር አለፈ። ቀረጥና ማጓጓዣው ገና አልተቆጠረም። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ቤተሰብ በምላሹ ምን እንደሚያገኝ ማወቅ ይገባዋል።

በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው አየር ሲገፋ ነው። ሰፊ ጠርዝ ያለው ቸርኬ አየሩን ስለሚሰነጥቅ ይጠቅማል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከአየሩ ጋር ከሁሉ በላይ የሚታገለው ቸርኬው ሳይሆን የነጂው ገላ ነው። ጀርባን ዝቅ፣ ክንድን ሰብሰብ አድርጎ መቀመጥን የተማረ ወጣት ቸርኬ ከሚሰጠው የበለጠ ያተርፋል፤ ያውም በነፃ። ደግሞም ሀዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። በእኩል ፍጥነት አየሩ የሚበላው ጉልበት ሲያንስ ቸርኬው የሚያድነውም በዚያው ልክ ያንሳል። ብቻውን ለሚነዳ ሰው በ40 ኪሎ ሜትር የሚገኘው ትርፍ በጥሩ ቀን አንድ ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው።

ያቺን ደቂቃም የሚያገኘው ብቻውን የሚነዳ ነው። በኦሎምፒኩ ዓይነት ውድድር ከሌላው ኋላ ተጠግቶ መንዳት ይፈቀዳል። በቡድን መሐል ያለ ነጂ ከፊቱ ያሉት አየሩን ስለሚከፍቱለት ብዙ ጉልበት ይቆጥባል። ከዋናው ዘግይቶ ወጥቶ ቡድኑ ያመለጠው ግን የትኛውም ቸርኬ አያደርሰውም። ሩጫን ከልጅነቱ ለለመደ፣ ዋና ግን ላልተማረ የአገራችን ስፖርተኛ ትልቁ ክፍተት እዚያ ነው። ቸርኬ አይዋኝም።

ታዲያ ጥቂት ገንዘብ ያለው ወጣት ምን ይግዛ? መጀመሪያ ጎማ። ጥሩ የውድድር ጎማ ከርካሹ ጋር ሲነጻጸር የሚያድነው ጉልበት ውድ ቸርኬ ከሚያድነው ብዙ አይርቅም፤ ዋጋው ግን ከቸርኬው ጋር አይወዳደርም። የሀዋሳ መንገድ አስፋልት ብቻ አይደለም፤ ኮብልስቶንም አለው። 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ከልክ በላይ ሳይነፋ ሲገጠም በሻካራ መንገድ ላይ ይፈጥናል፤ ገላንም አያደክምም።

ቀጥሎ ለልምምድ የሚሆን ጠንካራ የአሉሚኒየም ቸርኬ። ሽቦዎቹ 28 ወይም 32 ቢሆኑ፣ አንዱ ሲበጠስ ሌሎቹ ተሸክመው ቤት ያደርሳሉ። ኩሽኔታው ሰፈር ውስጥ የሚለወጥ፣ ሽቦው ከሱቅ የሚገኝ፣ ቢወላገድ ብስክሌት ጠጋኙ የሚያቃናው መሆን አለበት። የካርቦኑ ጠርዝ ጉድጓድ መትቶት ከተሰነጠቀ ግን ጠጋኙ ምንም አያደርግለትም። ያገለገለ ሆኖ ከተገዛ ስንጥቁ ከዓይን ሊሰወር ይችላል። ፍሬኑ ጠርዙን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ለካርቦን የተሠራ የፍሬን ላስቲክ ይፈልጋል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይም ሙቀቱ ጠርዙን ሊጎዳው ይችላል። በዚህ ላይ ከሐይቁ የሚነሳው የጎን ነፋስ አለ። የፊት ቸርኬ ጠርዙ በሰፋ መጠን ነፋሱ መሪውን ይጠመዝዛል። ክብደቱ ለቀለለ ወጣት፣ ባጃጅ በሚጋፋበት መንገድ፣ ይህ የውጤት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

"በዚህ አስተሳሰብ መቼ ነው ዓለም ላይ የምንደርሰው?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። ሁለቱም የነዱት ምርጥ ቸርኬ ነው። ነገር ግን ቸርኬውን ያቀረበላቸው ቡድናቸው ነው። ወደዚያ ቡድን ያደረሳቸው ደግሞ እግራቸው ነው።

መፍትሔውም እዚያው ውስጥ አለ። የውድድር ቸርኬ የግለሰብ ሳይሆን የክለብ ንብረት ይሁን። አንድ ክለብ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ገዝቶ ቢያስቀምጥ፣ በውድድር ቀን ላለፈው ወጣት ቢያውስና ሲመለስ ቢያስመረምር፣ አሥር ቤተሰብ ከዕዳ ይድናል። የክልሉ የስፖርት አመራርም ለዋንጫና ለባነር ከሚያወጣው ቀንሶ ለዚህ ማዋል አይከብደውም። ለአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ቸርኬ የማቃናት ጥሩ ሥልጠና መስጠት ደግሞ ብዙ ጥንድ ከመግዛት ይበልጣል።

እስከዚያው ወጣቱ በተራ ቸርኬው ይሥራ። በተራ ቸርኬ የጠነከረ እግር የውድድር ቀን በተዋሰው ቸርኬ ይፈጥናል። ሳይጠነክር ውድ ቸርኬ የገዛው ግን የሚቀረው ዕዳውን መክፈል ነው።