የንግድ ስም እስከ የት ይጠራል?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ አባቶቻችን። የንግድ ስም የሆነ እንደሆነ ግን ከመቃብር በላይ ቢውልም ከድንበር በላይ አይውልም። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በዚህ ነገር ጥቂት እንነጋገር።

ከጊንጪ ወደ አምቦ ሲሄዱ ከአንዱ ምግብ ቤት ገብተው «አንድ አምቦ» ቢሉ፣ አሳላፊው የከተማውን ወሬ የጠየቁት አይመስለውም። ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ ሲሸጥ የኖረው የአምቦ ጠበል ስሙ በሕዝብ አፍ ከመግባቱ የተነሣ፣ ብዙ ሰው ጋዝ ያለበትን ውሃ ሁሉ፣ የማንም ፋብሪካ ቢሆን፣ «አምቦ» ይለዋል። ይህ ለስሙ ክብር ነው፤ ለባለቤቱ ግን ሥጋት ነው። የሁሉ መጠሪያ የሆነ ቃል የአንድ ነጋዴ ምልክት ሆኖ መኖር ይቸግረዋልና።

በአገር ውስጥ መከላከያው ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበን የንግድ ምልክት ለ7 ዓመት ይጠብቃል፤ ጊዜው ሲያልቅም ይታደሳል። የጠርሙስን ወይም የሌላ ዕቃን አዲስ ቅርጽ የሚጠብቀው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ነገር ግን እነዚህ አዋጆች ሞያሌ ሲደርሱ ይቆማሉ። ከዚያ ማዶ ሌላ ሕግና ሌላ መዝገብ አለ።

ታዲያ ጎረቤቶቻችን ምን አደረጉ? በ1969 ዓ.ም. ሉሳካ ላይ ተስማምተው፣ መቀመጫው ሐራሬ የሆነ የጋራ ድርጅት አቋቋሙ። በ1975 ዓ.ም. ስለ ፈጠራና ስለ ንድፍ፣ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ባንጁል ላይ ስለ ንግድ ምልክት ውል ተፈራረሙ። ዑጋንዳና ታንዛንያ በባንጁሉ ውል ገብተዋል። ነጋዴው አንድ ማመልከቻ ጽፎ ጥበቃ የሚፈልግባቸውን አገሮች ይጠቅሳል። አንዱ አገር በራሱ ሕግ መርምሮ እንቢ ቢል፣ የሌሎቹ ምዝገባ አይፈርስም።

ኢትዮጵያ የዚህ ድርጅት አባል አይደለችም። ይህም ይበልጥ የሚጎዳው ትልቁን ፋብሪካ አይደለም፤ እርሱ በየአገሩ ጠበቃ መቅጠር ይችላል። የሚጎዳው ማሩን በማሰሮ አሽጎ፣ ስም አውጥቶ ሊነግድ የሚያስብ የምዕራብ ሸዋ ወጣት ነው። አንድ ማመልከቻና አንድ ክፍያ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ሆኖም በር ሲከፈት ለሁለቱም ወገን ነው። የጎረቤት ነጋዴም በዚያው አንድ ወረቀት ስሙን ወደ እኛ ያስገባል፤ ያልተዘጋጀ ሰው በገዛ ገበያው ይቀደማል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለነፃ ንግድ ቀጠናው የአእምሯዊ ንብረት ፕሮቶኮል አጽድቀዋልና ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የምትቀመጡ ተማሪዎች፣ ዛሬም መዝገብ የያዛችሁ ጸሐፊዎች፣ ባለጉዳይ ሲመጣ «ንግድ ፈቃድ አለህ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አታሰናብቱት፤ «ምልክትህንስ አስመዝግበሃል ወይ?» በሉት።