የጋይንት ድጓ ከካሜራ ምን ያህል ይርቃል?

የጃፓኑ ዳይሬክተር ማሳኪ ኮባያሺ በሠራው «ካይዳን» ፊልም ውስጥ ሆይቺ የሚባል ዐይነ ስውር ድምፃዊ አለ። ቢዋ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ እየመታ በባሕር ጦርነት ያለቀውን የሄይኬ ቤተሰብ ታሪክ ያዜማል። ሌሊት ሌሊት ሙታኑ ራሳቸው እያስጠሩት ያዘፍኑታል። ነገሩን የደረሱበት መነኮሳት ሊያድኑት ብለው መላ ሰውነቱን ጸሎት ይጽፉበታል፤ ጆሮዎቹን ግን ይረሳሉ። መንፈሱም ያልተጻፈበትን ጆሮ በጥሶ ይሄዳል። ጋይንት፣ እስቴ ወይም ስማዳ ላደገ ተመልካች ይህ ታሪክ የሩቅ አገር አይሆንበትም። በመሰንቆ የጀግና ታሪክ የሚያወርደውን አዝማሪ፣ ክታብ የሚጽፈውን ደብተራ፣ በጨለማ የሚጣራውን ክፉ መንፈስ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል።

ኮባያሺ ታሪኩን ከራሱ አላመነጨውም። ላፍካዲዮ ኸርን የተባለው ጸሐፊ የጃፓንን ተረቶች አሰባስቦ ካሳተመው መጽሐፍ ወሰደው። ሙዚቃውን የሠራው ቶሩ ታኬሚትሱም የቢዋውን ድምፅ ከዘመናዊ ቅንብር ጋር አዋሐደው። ፊልሙ በ1965 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ።

ጃፓኖች ይህን አካሄድ አስለምደዋል። አኪራ ኩሮሳዋ በ1950 እ.ኤ.አ. «ራሾሞን»ን የሠራው ከሪዩኖሱኬ አኩታጋዋ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ነው። ኬንጂ ሚዞጉቺ ለ«ኡጌትሱ» የአሥራ ስምንተኛውን ክፍለ ዘመን ደራሲ ኡዬዳ አኪናሪን ገለጠ። ከውጭ ሲበደሩም በራሳቸው መድረክ አሳልፈው ነው። ኩሮሳዋ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ወደ «የደም ዙፋን» ሲቀይር የባለ ታሪኳን እርምጃና ጭምብል መሳይ ፊት ከጥንታዊው የኖ ቴአትር ወሰደ፤ ዋሽንቱና ከበሮውም ከዚያው መጡ። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ጊዜ ደግሞ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ታሪኩን የሚተርክ፣ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር የሚያሰማ «ቤንሺ» የሚባል ባለሙያ ነበራቸው። የኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ቤንሺ ነበር። ሕዝቡ ተራኪዎቹን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ በጃፓን ድምፅ አልባው ፊልም እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ቆየ።

ወደ ጋይንት እንመለስ። የጋይንቷ ቤተልሔም የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሆነው የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት። ለድጓ ምስክርነት የሚበቃ ደቀ መዝሙር ዓመታትን ይፈጃል፤ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ከነምልክቱ በቃሉ ይይዛል። ኮፊዳ ይዞ፣ ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ ይለምናል። ሌሊት ደግሞ ጎጆው ውስጥ ያዜማል። ይህ ሁሉ ድምፅ፣ ይህ ሁሉ ታሪክ እያለ ብዙው የአማርኛ ፊልም በኪቦርድ ለቅሶና በሳሎን ቤት ሶፋ ላይ መቅረቱ የሚያስቆጭ ነው።

ታሪክም አልጠፋም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር አስነሥተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያደረሱት ግማሽ ዓመት ያህል በፈጀ ጉዞ ነው። መንገዱ እየተጠረገ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በጋይንት አልፎ የጨጨሆን ዳገት ወጣ። በዚህ ታሪክ ላይ ለሚሠራ ፊልም የሚሆን መጽሐፍም ሞልቷል፤ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» አለ፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር» አለ፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ» አለ። ኩሮሳዋ ቢያገኛቸው ኖሮ አንዱንም የሚተው አይመስልም።

የእኛን ድምፅ የውጭ ፊልም ሠሪዎች ቀድመው ሰምተውታል። የፒያኖ ባለሙያዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ደጅ የሚያድሩት የቆሎ ተማሪዎች ሁኔታ ልባቸውን ነክቶት ነበር። የፒያኖ ሥራቸው በ2021 እ.ኤ.አ. በርቤካ ሆል «ፓሲንግ» በተባለ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ተደምጧል። የሙላቱ አስታጥቄም ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ዓለምን ዞሯል። ከእኛ ወገን መንገዱን ካሳዩት አንዱ የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ ነው፤ አባቱ ገሪማ ታፈረ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ ናቸው። ኃይሌ በ«ጤዛ» የገጠሩን ኑሮ ከተማረው ሰው ስብራት ጋር አያይዞ በ2008 እ.ኤ.አ. ከቬኒስ ሁለት ሽልማት ይዞ ተመልሷል።

«ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ እውነትነት አለው፤ መድፍ ማስጎተት ርካሽ አይደለም። የሆይቺ ዓይነት ታሪክ ግን አንድ መሰንቆ፣ አንድ ጎጆና ጥሩ ተዋናይ ይበቃዋል። ይልቅ የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ድጓ ጸሎት ነው፣ ለፊልም ማጀቢያ እንደ ዘፈን ተቆርጦ የሚለጠፍ አይደለም። ስለዚህ ፊልም ሠሪው መቅጃ ይዞ ከመሮጡ በፊት መምህሩን ማስፈቀድ፣ ቁጭ ብሎም መማር አለበት። ታኬሚትሱም የቢዋን ጠባይ ያወቀው ከባለሙያዎቹ ጋር በመሥራት ነው።

የጸጥታው ሁኔታ ዛሬ ካሜራ ይዞ ወደ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ለመውረድ አያመች ይሆናል። ስክሪፕት ለመጻፍ ግን ማንም አይከለክልም፤ ከጋይንት የወጡ መሪጌታዎችም አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። ቀጣዩን የፍቅር ኮሜዲ ያሰበ ደራሲ አስቀድሞ እነሱን ያነጋግር፤ ፊልሙ ሲያልቅም የድጓ መምህሩንና የአዝማሪውን ስም ከሙዚቃ ደራሲው ስም ጎን ይጻፍ።