«በሞቴ» ሊገድለን ነው

ክብደቴን ያወቅሁት በሩዝ ሚዛን ነው። ወረታ፣ አንድ ወዳጄ መፈልፈያ ቤት ውስጥ ስንጫወት ወጣሁበት። 1 ኩንታል ከ14 ኪሎ! ጫኝና አውራጆቹ አጨበጨቡ፤ «ተመችቶሃል!» አሉኝ። የ34 ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ደረጃ ስወጣ አለከልክ ነበር። ይህን የሚያጽፈኝ ያ ጭብጨባ ነው።

የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። «የተራበ ባለበት አገር ስለ ጠገበ ማውራት ነውር ነው» ይባላል። ቀላል ነገር አይደለም። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ የሚያልቀው የ1977ቱን ረሃብ ባየ አገር ነው። አባቶቻችን ሆድ ሲሞላ «ተመስገን» ማለትን በከንቱ አልለመዱም። ግን ረሃብን የሚያስታውስ ሁሉ እስኪታመም ይብላ ያለው ማነው?

ፎገራን እዩ። ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ድሮ የላም አገር ነበር። በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ገባ፤ ዛሬ እንጀራው ሳይቀር ከጤፍ ጋር በሩዝ ይጋገራል። ጎንበስ ብሎ የሚያርመውና የሚያጭደው ገበሬ አይወፍርም። የምንወፍረው እኛ ነን፤ ደላላው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው፤ ከገበያ እስከ ቤት በባጃጅ የምንሄደው። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ የደም ስኳርን ቶሎ እንደሚያንሩ የሚነግረንም የለም።

እኔ ግን የምበላው ስለራበኝ አልነበረም። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት እቆይና ማታ የሦስት ሰው እራት እበላለሁ። ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ መብራት ሳላበራ ሞሰብ እከፍታለሁ፤ እንደ ሌባ። ጠጥቶ የሚያድር ሰው ሽማግሌ ይላክበታል፣ ጠበል ይወሰዳል። እንዲህ የሚበላስ? «ጥሩ በላተኛ» ይባላል። በውጭው ዓለም ነገሩ ስም ካገኘ ቆይቷል። በ1960 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሦስት ሴቶች መብላት ማቆም ያቃታቸው ሰዎች የሚረዳዱበትን ማኅበር መሠረቱ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም ራስን ሳይቆጣጠሩ መብላትን በ2013 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዘገበው። እዚያም ቢሆን በስብሰባው ላይ ወንዶቹ ጥቂት ናቸው። ወንድ በቦርጩ ይኮራል እንጂ «አቃተኝ» አይልም።

እኛ ሦስት ሆንን፤ እኔ፣ ባለመፈልፈያውና አንድ መምህር። ጎህ ሳይቀድ በባሕር ዳር መንገድ እንሄዳለን፤ የበላነውን ሳንዋሽ እንነጋገራለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሩዝ ሚዛኑ ላይ እንወጣለን። አንዴ ሠርግ ቤት እስኪያመኝ በላሁ። በማግስቱ ነገርኳቸው፤ አልሳቁም። ያ አለመሳቅ ከብዙ ምክር በልጦብኛል። በ14 ወር 23 ኪሎ ቀነስኩ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ባለመፈልፈያው ሲከሳ «ከሰረ» ተባለ፤ ብር ያበደሩት ተራ በተራ መጡበት። እኔን «ተመርመር» አሉኝ፤ ምኑን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። የመምህሩን ሚስት ደግሞ «አታበይውም እንዴ?» ብለው አስለቀሷት።

ጎበዝ! ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን። ለተስካር የምንሰበሰበውን ያህል ሰውየው ሳይሞት ብንሰበሰብለት ምን ይጎድልብናል? «በቃኝ» ያለን ሰው «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን!» እያልን አፉን በጉርሻ ማስከፈት ፍቅር ነው ትሉኛላችሁ። ፍቅርማ ነው። ግን መጠጥ ትቻለሁ ላለ ሰው ብርጭቆ የሚሞላ ወዳጅ ምን ዓይነት ወዳጅ ነው? ጉርሻ ይቅር አላልኩም (እናቴ እንዳትሰማኝ!)። «በቃኝ» ሲባል እጅ ይሰብሰብ ነው የምለው። ሲከሳ ያያችሁትንም ሰው ከማማትችሁ በፊት ጠይቁት፤ ምናልባት በሕይወቱ ትልቁን ሥራ እየሠራ ይሆናል።

ባለመፈልፈያው ካቋረጠ ዓመት አለፈው። በቅርቡ ስሄድ ቦርጩ ተመልሷል፤ አበዳሪዎቹም ጸጥ ብለዋል። ጆንያውን ከሚዛኑ አንስቶ መዘነኝ፤ 91። «አንተስ?» ብዬ ቦታውን ለቀቅሁለት።

«የእኔን ተወው» አለኝ። «ይልቅ ምሳ ደርሷል፤ በሞቴ፣ ሳትበላ እንዳትሄድ።»