ለቮልስዋገን ጠበቃ ቆሜአለሁ

የመኪና ወዳጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪና ያለው ነው። ሁለተኛው እንደ እኔ በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ስምና የተሠራበትን ዘመን የሚቆጥር ነው። ፍቅሩ የጸናው የሁለተኛው ነው፤ ቤንዚን አይገዛምና።

በመኝታ ቤታችን የፌራሪ ነገር ከተነሣ እንቅልፍ የለም። 250 ጂ ቲ ኦ የተባለችው ፌራሪ ከ1962 እስከ 1964 እ. ኤ. አ. የተሠራችው በ36 ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ አንዷ በ2018 እ. ኤ. አ. በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጣለች። ጓደኞቼ በዋጋዋ ይደነቃሉ። እኔ ግን ያቺ ዝቅ ያለች ሆድ የሰፈራችንን ጉድጓድ እንዴት ትሻገራለች እያልኩ እጨነቃለሁ።

እንግዲህ ወደ ደንበኛዬ ልምጣ። የመጨረሻዋ አሮጌ ቮልስ በ2003 እ. ኤ. አ. ሜክሲኮ ውስጥ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ እኅቶቿ ከፋብሪካ ወጥተዋል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ከካምቢዮዋ ጋር የሚያያዘውም በአራት ብሎን ነው። የቀድሞዎቹ የቤንዚን መቁጠሪያ እንኳ አልነበራቸውም፤ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ነጂው የመጠባበቂያውን መክፈቻ ያዞር ነበር። ይህ ለተማሪ ኪስ የታሰበ ጥበብ ነው፤ እኛስ ገንዘባችን ማለቁን የምናውቀው ካለቀ በኋላ አይደለም እንዴ?

በታሪካችንም ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በሮልስ ሮይስ አልነበረም፤ በቮልስዋገን ነበር። ያን ዕለት ትንሿ መኪና ብቻዋን ከብዙ አዋጅ የበለጠ ተናገረች።

የአጎቴ ቮልስ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አንቱ ብላት ባልተሳሳትኩ። አንድ ቀን የእንጦጦን ዳገት ስንወጣ ቀይ መብራቷ በራ። አጎቴ ቺንጊያው መበጠሱ ገባውና ዳር ይዞ ቆመ። አንድ አዛውንት አዝነውልን በጣሳ ውሃ ይዘው መጡ።

«አባባ፣ ይቺ መኪና ውሃ አትጠጣም» አላቸው አጎቴ።

«ታዲያ ሲሞቃት ምን ትሆናለች?»

«ነፋስ ይበቃታል።»

«እንዲህ ከሆነማ መናኝ ናት!» አሉና ውሃውን ራሳቸው ጠጡት። አጎቴ ከመቀመጫ ሥር ያኖረውን ቺንጊያ አጠለቀ፤ እኔ መፍቻ አቀበልኩ፤ ብዙም ሳንቆይ መንገዳችንን ቀጠልን። ስለ ሞተር የማውቀው ሁሉ የተጀመረው በዚያ ዳገት ላይ ነው።

የክርክሬም ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ መኪና በዐይኔ የሚከብረው ከፍቼ ሳየው የሚገባኝ ሲሆን ነው። በ2016 ዓ. ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ይህን አልነቅፍም፤ ቤንዚኑን በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን፣ ኤሌክትሪኩን ግን ከወንዞቻችን እናገኛለን። የደንበኛዬንም ኃጢአት አልሸሽግም፤ ታጨሳለች፣ ትጮኻለች፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ ጸሎት ያሻዋል። ነገር ግን አዲሱን የኤሌክትሪክ መኪና ጀማሪ ከፍቶ ቢያየው የሚያገኘው የተዘጋ ሣጥን ነው። አሮጌዎቹ ቮልሶች አንድ በአንድ ለቁራሌ ከተሸጡ እጁ ቅባት ሳይነካ የሚመረቅ መሐንዲስ ሊበዛብን ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። መንገድ የማትወጣ አንዲት ያረጀች ቮልስ በመዋጮም ሆነ በልመና ተገኝታ በዎርክሾፑ ደጃፍ ትቁም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይፍታት፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይግጠማት። የሚተርፈውን ብሎን እኔ አስቀምጣለሁ።