የውሃ ፓርክ ጉዞና ቦርሳ ጠባቂዎቹ እናቶቻችን



ሰሞኑን የመድረሳችን ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ በአንድ ወሬ ተጥለቅልቋል። ልጆቹ የዓመቱን ትምህርት ሊጨርሱ ስለሆነ "ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ ወስደን እናዝናናቸው" የሚል ሐሳብ ተነሥቶ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አይጻፍም። አውቶቡስ በስንት ይገኛል? ለልጅ መግቢያው ቅናሽ አለው ወይ? ሩዙን ማን ይሥራ? አባቶች የውሃ ሸርተቴ ፎቶ እየላኩ "ኡስታዞቹም ይንሸራተታሉ ወይ?" ብለው ይቀልዱብናል። (እንንሸራተታለን ኢንሻአላህ፣ ምን ችግር አለው!)

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ጥያቄ ይመጣል ብለን ጠብቀን አጣነው። "እናቶቹ እዚያ ሄደው ምን ሊያደርጉ ነው?" የሚል። ያልተጠየቀው መልሱ ስለሚታወቅ ሳይሆን አይቀርም። ቦርሳ ይጠብቃሉ።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። በኛ ጀመዓ የቤተሰብ ጉዞ ሲባል እናት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥታ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ ሩዝ ትቀቅላለች፣ ሻይ በፔርሙዝ ትሞላለች። ከሱብሒ በኋላ ልጆቹን አልብሳ፣ ትንሹን አዝላ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች። እዚያ ስትደርስ ከገንዳው ዳር ምንጣፍ ይነጠፍላትና የሃያ ሰው ጫማ፣ ስልክና ፌስታል ዙሪያዋን ይከመራል። ፀሐይ በዞረች ቁጥር እሷም ምንጣፏን እየጎተተች ትዞራለች። ምግብ ታቀርባለች፣ ፎጣ ታቀብላለች፣ እርጥብ ልብስ ትጨምቃለች። ማታ ቤቷ ስትመለስ የተለወጠላት ነገር ቢኖር የሥራ ቦታዋ ብቻ ነበር። ይህን እኛ "ሽርሽር" እንለዋለን።

ነገሩ የድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይህን ያህል ባልጻፍን። ባለፈው ዓመት የሆነውን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልንረሳው አልቻልንም። የቦታውን ስም አንጠቅስም፤ ጥፋቱ የኛ የአስተባባሪዎቹ ነበርና።

ከ40 በላይ ልጆች ይዘን ሄደን ነበር። አባቶች ከፊሉ ራሳቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ይጫወታሉ፣ ከፊሉ ጥላ ሥር ሻይ ይዘው ይጨዋወታሉ። ልጆቹን ማን እያየ ነው ብንባል ሁላችንም "ሁሉም ሰው" እንል ነበር። በትክክል ሲያዩ የነበሩት ግን ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት እናቶች ብቻ ነበሩ። ዙህር ሊደርስ ሲል አንድ የ6 ዓመት ልጅ በአየር ከሚነፋው ጎማው ውስጥ ሾልኮ ወረደ። ጎማው ተንሳፎ ቀረ፣ ልጁ የለም። ጩኸት የለም፣ መንቦጫረቅ የለም። ያየችው እናቱ ነች። በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች። ዋና አትችልም። እንደ ተቀመጠች ከነአባያዋ ዘልላ ገባች፤ ውሃው ደረቷ ድረስ እንኳ አልደረሰም ነበር፣ ነገር ግን ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ እግሯን ሸበበውና እሷም ወደቀች። ልጁን አንድ የ16 ዓመት ደረሳችን አወጣው። እናትየዋን ሌሎች ጎትተው አወጧት። ልጁ አሳለው፣ አስታወከው፣ ከዚያ አለቀሰ። አልሐምዱሊላህ።

ማታ አውቶቡስ ውስጥ ማንም ቃል አልተናገረም። መገናኛ ልንደርስ ስንል ያቺ እናት ከኋላ ወንበር ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችን። "ኡስታዝ፣ ያኔ ቦርሳዎቹን ጥዬ ነው የሮጥኩት፤ የጠፋ ዕቃ አለ ወይ?"

እኛ አፍረን መልስ አጣን። ልጇ ሊሞት የነበረ እናት ስለ ቦርሳ ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ምን ብለን ነው ያሳመንናት?

ስለዚህ ዘንድሮ የምንለው ይህ ነው። የውሃ ጉዞ ሲታቀድ እናቶች ውሃው ውስጥ የሚገቡበት መንገድ አብሮ ይታቀድ፣ ልጆችን የመጠበቁ ሥራም በስም ለአባቶች ይሰጥ። ይህ ካልሆነ እኛ ከማስተባበሩ እንወጣለን።

ይህን ስንል አንድ ወንድማችን "ለሴቶች የሚሻለው ዳር መቀመጣቸው ነው፤ ቦታው የተቀላቀለ ነው፣ ፊትና ነው" አለን። ሐሳቡን እናከብራለን፤ የዐውራ ጉዳይ ቀልድ አይደለም። ግን ወንድማችን፣ ቦታው ለመሄድ የማይበቃ ከሆነ ለርሶም አይበቃም እኮ። ዓይንን መስበር በወንድም ላይ ያለ ግዴታ ነው። እርሶ በቁምጣ ገብተው እየዋኙ፣ ፊትናው እርሷ ዘንድ ብቻ የሚታይበት ምክንያት አልገባንም። የሚሻለው ቦታውን እንዴት እንደምንጠቀምበት አስቀድሞ ማሰብ ነው። ሰው የማይበዛበትን የሳምንት ቀን መምረጥ ይቻላል። ቡድኑ ትልቅ ከሆነ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ገንዳ ወይም ሰዓት በክፍያ ይለቀቅልን ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ቢበዛ "አይሆንም" ይሉናል። ብዙ ጊዜ እኮ ሳንጠይቅ ነው የተከለከልን የሚመስለን።

የልብሱ ጉዳይ ደግሞ በር ላይ ከመጣላት በፊት በስልክ የሚያልቅ ነው። ብዙ መዋኛ ቦታዎች ከጥጥ የተሠራ ልብስ ለብሶ መግባት ይከለክላሉ። ይህን የሰሙ እህቶች "ሒጃባችን ተጠላ" ብለው ሲመለሱ አይተናል። እርግጥ አንዳንድ ቦታ እንደዚያም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጥጥ ውሃ ውስጥ በእርግጥ አደገኛ ነው፤ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ይጠመጠማል። ባለፈው ዓመት በዓይናችን አይተነዋል። ጉዳዩ የመሸፈንና ያለመሸፈን ሳይሆን የጨርቁ ዓይነት ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ልብስ ደግሞ አለ። ቡርኪኒ የሚባለውን ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን የዋና ልብስ የሠራችው በሊባኖስ የተወለደችው አውስትራሊያዊት አሂዳ ዛኔቲ ስትሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2004 ነው። የዋና ጨርቅ በመሆኑ ውሃ አይቋጥርም፣ ቶሎ ይደርቃል። ዋጋው ለሁሉም ቤት የሚቻል እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ከጉዞው መዋጮ ላይ ቀንሰን መድረሳው አምስት ስድስት ቢገዛና እህቶች በተራ ቢጠቀሙበት ምን ይለናል? ለእግር ኳስ ማልያ ገዝተን የለ! ደግሞ ስፒል ይቅር። ሻርፕ የሚያዝበት ስፒል ሸርተቴ ላይ ራስንም ሌላውንም ይወጋል፤ በራሱ የሚገባ ቆብ መሰል ሒጃብ ይሻላል።

ወደ ልጆቹ ጥበቃ እንመለስ፤ ዋናው እሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ ገደማ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው። አብዛኛው ሞት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚደርስ ነው። ሰው የሚሰጥመው በፊልም እንዳየነው እጁን እያወናጨፈና እየጮኸ አይደለም። አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው አየር ለመሳብ ብቻ ስለሆነ ለጩኸት የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም። ሕፃን ሲሆን ደግሞ ዝም ብሎ ይወርዳል። ስልክ አንሥቶ አንድ መልእክት አንብቦ እስኪጨርሱ ያልቃል።

ስለዚህ "ሁላችንም እናያቸዋለን" የሚባለው ነገር ዘንድሮ አይሠራም። የአባቶችን ስም ጽፈናል። እያንዳንዱ አባት ግማሽ ግማሽ ሰዓት የተመደቡለትን ልጆች ያያል፤ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ተረኛው እስኪመጣና "ተረከብኩ" እስኪል ድረስ ዞር አይልም። ልጅ አማና ነው እያልን ሚንበር ላይ እናስተምር የለ፣ እንግዲህ አማናው በሰዓትና በስም ይሁን። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ተራ ብቻ አይበቃም፤ አንድ ትልቅ ሰው አብሮት ውሃው ውስጥ፣ እጁን ዘርግቶ ሊይዘው በሚችልበት ርቀት መሆን አለበት። ቦታው የራሱ ጠባቂዎች ቢኖሩትም እነሱ የሚያዩት መቶ ልጅ ነው፤ አባት የሚያየው የራሱን ነው።

በአየር የሚነፋው ጎማ መጫወቻ ነው። ልጅ ይሾልክበታል፣ ይገለበጥበታል። ለማይዋኝ ልጅ የሚያስፈልገው በልኩ የሆነና በደንብ የሚታሰር ላይፍ ጃኬት ነው። ሰው ሠራሽ ማዕበል ባለበት ገንዳ ደግሞ ጉልበት ድረስ ያለው ውሃ ትንሽ ቆይቶ አንገት ድረስ ይሆናል፤ የማይዋኝ ልጅ ብቻውን እዚያ አይለቀቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ባለፈው ዓመት ልጁ ከውሃ ሲወጣ አንድ ደግ አባት፣ አላህ ይስጣቸው፣ ሮጠው መጥተው እግሩን ይዘው ቁልቁል ዘቅዝቀው አራገፉት። "ውሃው እንዲወጣለት" ብለው ነው። ብዙዎቻችን ሲደረግ እያየን ያደግነው ይህንኑ ነው። ትክክል አይደለም። ጊዜ ያባክናል፣ ያስመልሰዋል፣ የሚፈልገው አየር ሆኖ ሳለ አየር ያሳጣዋል። ልጁ መተንፈስ ካቆመ በጀርባው አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ነው፤ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ ይጥራ። አንጎል አየር አጥቶ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ይህ ከጽሑፍ አንብቦ የሚቻል ሥራ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ከጉዞው በፊት ከኛ ሁለት ሦስት ሰው ሄዶ እንዲማር ወስነናል።

ስለ ቀኑ፦ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ ሁሉም "ነሐሴ ላይ እንሂድ" ይላል። በፎቶው ላይ ያለው ዘንባባና ሰማያዊ ውሃ የባሕር ዳርቻ ያስመስለዋል እንጂ ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር የምትጠጋ ከተማ ናት። ነሐሴ ላይ ጠዋት ልጆቹ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ነው የሚወጡት፤ ከሰዓት ዝናብና መብረቅ ከመጣ ደግሞ ከውሃው መውጣት ግድ ነው። ለኛ የጥቅምት መጨረሻ ይሻለናል። ያኔ ደግሞ ፀሐይዋን እንፍራ፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ኮፍያ ይያዝ። የዒድ ሰሞን ግን አይሁን፤ ሰዉ በሚተራመስበት ውሃ ውስጥ ልጅ መለየት አይቻልም።

ሶላትን በተመለከተ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ሶላት ለማሳጠር ያስቀመጡት ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ስለሆነ እዚያ አናሳጥርም። ዙህርን በጀመዓ እንሰግዳለን፤ ያን ጊዜ ልጅ ሁሉ ከውሃ ይውጣ፣ ይቆጠር፣ ከዚያ ይሰገድ። ዐስርን ከመመለሳችን በፊት።

ምግቡስ? እናቶች በዚያ ሌሊት ይተኙ። ቦታው ከውጭ ምግብ ማስገባት ይፈቅድ እንደሆነ እንጠይቃለን፤ ከፈቀደ ዳቦ፣ ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል ይበቃል፤ እሱንም አባቶች ይግዙ፣ አባቶች ይቀቅሉ። ካልፈቀደ መንገድ ላይ ሐላል ምግብ ቤት እንበላለን። ለቦርሳው ቁልፍ ያለው ሣጥን ይከራያል፤ ከሌለም እኛ ኡስታዞቹ በተራ እንቀመጣለን።

ይህን ሁሉ ትናንት በግሩፑ ላይ ስንጽፍ አባቶች ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከዚያችው እናት ነበር። "የማይዋኝ ትልቅ ሰው የሚቆምበት ቦታ ጥልቀቱ ስንት ነው?" ብላ ጽፋለች። ሰኞ ደውለን ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው አድርገነዋል።